የመዋኛ ገንዳ ውኃና በወለሉ ላይ የሚንቀሳቀሰው የብርሃን መረብ፦ በኮምፒውተር ግራፊክስ ደረጃ በደረጃ አሠራሩ

ፀሐይ በጠራ የመዋኛ ገንዳ ላይ ስታርፍ የውኃው ሞገድ ብርሃኑን አንዱ ቦታ ሰብስቦ፣ ሌላው ቦታ በትኖ በወለሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ብሩህ መረብ ይዘረጋል። የግራፊክስ ባለሙያዎች ይህን መረብ ኮስቲክ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከኢንተርኔት የወረደ የኮስቲክ ቪዲዮ ወለሉ ላይ ለጥፎ፣ ከላዩ ለብቻው የሚወዛወዝ የውኃ ገጽ በማስቀመጥ ነው። ይህ ለአፍታ ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ላይ ያለው ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ታች ያለው ብርሃን በሌላ አቅጣጫና በሌላ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ዓይን ትንሽ ሲቆይበት ሁለቱ እንደማይገናኙ ይታወቃል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ደንብ ይከተላል፦ የውኃው ገጽና የወለሉ ብርሃን ከአንድ ስሌት መውጣት አለባቸው።

ለምሳሌነት የምንወስደው ርዝመቱና ወርዱ 6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ገንዳ ነው። ሥራውን በሁለት መንገድ መፈጸም ይቻላል። አንደኛው በሼደር (በግራፊክስ ካርድ ላይ በሚሠራ አጭር ፕሮግራም)፣ ማለትም በጌም ኢንጂን ወይም በብራውዘር ውስጥ በዌብጂኤል፣ ምስሉ ወዲያው እየተሰላ የሚታይበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ብሌንደር በተባለው የግራፊክስ ሶፍትዌር ውስጥ ባለው ሳይክልስ በሚባል ምስል ሠሪ እያንዳንዱ ፍሬም (የቪዲዮው አንድ ምስል) ጊዜ ወስዶ የሚሠራበት ነው። ሞገዱን የሚመለከቱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ለሁለቱም መንገዶች ያገለግላሉ።

1. ጥልቀቱንና ሞገዱን ማዛመድ

አብዛኛው ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ውጤቱን የሚወስነው ግን ከሁሉም በላይ ይህ ነው። የሞገዱ ጫፍ ወደ ላይ የጎበጠ ስለሆነ በላዩ የሚያልፈውን ብርሃን እንደ ሌንስ ይሰበስባል፤ ሌንስ ደግሞ ብርሃኑን የሚያገናኝበት የራሱ ርቀት አለው። ያ ርቀት ከወለሉ ጥልቀት ጋር ሲቀራረብ መስመሮቹ ቀጭንና ብሩህ ይሆናሉ። ወለሉ ከዚያ ርቀት ይልቅ ለውኃው ገጽ የቀረበ ከሆነ ብርሃኑ ገና ስላልተሰበሰበ ለስላሳ ጉም የመሰለ ነገር ብቻ ይታያል። ወለሉ ከዚያ ርቀት ይልቅ የጠለቀ ከሆነ ደግሞ ተሰብስቦ የነበረው ብርሃን ተመልሶ ስለሚበተን መስመሮቹ ለሁለት ተከፍለው፣ እርስ በርስ ተደራርበው ይደበዝዛሉ።

ርቀቱን ለመገመት ሁለት መጠኖች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የሞገዱ ከፍታ ነው፤ ይህም ከረጋው የውኃ ልክ እስከ ሞገዱ ጫፍ ያለው መጠን ነው። ሁለተኛው የሞገድ ቁጥር ነው፤ ይህም 6.283 ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሁሉም በሜትር ተለክቶ፣ ፀሐይ ከአናት ላይ ስትሆን፣

የመሰብሰቢያ ጥልቀት = 4 ÷ (ከፍታ × የሞገድ ቁጥር × የሞገድ ቁጥር)

ይሆናል። 4 የሚለው ቁጥር የመጣው ከውኃ የብርሃን ስብረት መጠን ነው፤ የስብረት መጠኑ 1.333 ስለሆነ 1.333 ለ0.333 ሲካፈል 4 ይሰጣል። ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞገድ ብርሃኑን 2.5 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይሰበስባል። በዚያው ከፍታ የሞገዱ ርዝመት 1 ሜትር ሲሆን የመሰብሰቢያው ጥልቀት ወደ 10 ሜትር ይወርዳል፤ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ደግሞ ወደ 63 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ ጥልቀቱ በአራት እጥፍ እንደሚቀንስ ያስተውሉ። የባሕር ሞገድ የሚያወጣ መሣሪያ ገንዳ ላይ ሲሠራበት የማያምረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ትልልቁ ሞገድ ከገንዳው ወለል እጅግ በራቀ ጥልቀት ላይ የሚሰበስብ ሲሆን፣ ትንንሹ ደግሞ ከገጹ ሥር ወዲያው ሰብስቦ በትኖታል።

ጉብጠታቸው ሲደመር ለ2 ሜትር ጥልቀት የሚስማማ ስድስት ሞገዶች እነዚህ ናቸው፦

— ርዝመት 1.20 ሜትር፣ ከፍታ 1.2 ሴንቲ ሜትር፣ አቅጣጫ 10 ዲግሪ፣ በ10 ሰከንድ 11 ዙር፤
— ርዝመት 0.80 ሜትር፣ ከፍታ 0.8 ሴንቲ ሜትር፣ አቅጣጫ 140 ዲግሪ፣ በ10 ሰከንድ 14 ዙር፤
— ርዝመት 0.60 ሜትር፣ ከፍታ 0.6 ሴንቲ ሜትር፣ አቅጣጫ 75 ዲግሪ፣ በ10 ሰከንድ 16 ዙር፤
— ርዝመት 0.45 ሜትር፣ ከፍታ 0.35 ሴንቲ ሜትር፣ አቅጣጫ 290 ዲግሪ፣ በ10 ሰከንድ 19 ዙር፤
— ርዝመት 0.30 ሜትር፣ ከፍታ 0.12 ሴንቲ ሜትር፣ አቅጣጫ 215 ዲግሪ፣ በ10 ሰከንድ 23 ዙር፤
— ርዝመት 0.20 ሜትር፣ ከፍታ 0.04 ሴንቲ ሜትር፣ አቅጣጫ 340 ዲግሪ፣ በ10 ሰከንድ 28 ዙር።

የአጫጭሮቹ ሞገዶች ከፍታ እጅግ ትንሽ መሆኑ ስሕተት አይደለም። ብርሃን የሚሰበስበው የገጹ ጉብጠት እንጂ ቁመቱ ስላልሆነ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላው የመጨረሻው ሞገድ ከመጀመሪያው የ1.2 ሴንቲ ሜትር ሞገድ በላይ ጉብጠት ይጨምራል። አቅጣጫዎቹ ደግሞ ሆን ተብለው ተበታትነዋል። በገንዳ ውስጥ ሞገድ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመለሰ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ በወለሉ ላይ የሚታዩት የመረቡ ዓይኖችም የሚፈጠሩት ሞገዶች ሲቋረጡ ብቻ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢሄዱ የሚገኘው መረብ ሳይሆን ትይዩ መስመሮች ነው።

2. የጊዜውን ሂደት በተፈጥሮ ሕግ መወሰን

ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ በላይ ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ እያንዳንዱ ሞገድ በርዝመቱ የሚወሰን የራሱ ፍጥነት አለው፤ ፍጥነቱን እንደፈለጉ መምረጥ አይቻልም። ለዕለት ሥራ የሚበቃው ቀላል ቀመር የአንድ ዙር ጊዜ በሰከንድ ከ0.8 × የርዝመቱ ስኩዌር ሩት ጋር እኩል ነው የሚለው ነው። የ1 ሜትር ሞገድ 0.8 ሰከንድ፣ የ25 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ደግሞ 0.4 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ ሕግ ሲጣስ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም ጥፋቱን ይለየዋል፤ ሞገዱ ከሚገባው በላይ ሲዘገይ ገንዳው ባሕር፣ ሲፈጥን ደግሞ የእጅ መታጠቢያ ሳህን መስሎ ይታያል።

እንቅስቃሴው ያለ ስፌት እንዲደጋገም ከተፈለገ የእያንዳንዱ ሞገድ የዙር ብዛት በድግግሞሹ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። ከላይ የተሰጡት የዙር ብዛቶች ከቀመሩ ወጥተው ወደሚቀርባቸው ሙሉ ቁጥር የተጠጋጉ ናቸው። በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ 10 ሰከንዱ 240 ፍሬም ነው፤ 241ኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ስለሆነ ሬንደር አይደረግም (ተሰልቶ ወደ ምስል አይለወጥም)። ቢደረግ እንቅስቃሴው በየ10 ሰከንዱ ለአንድ ፍሬም ቆሞ ይታያል።

3. የውኃውን ገጽ መሥራት

ወርዱ 6 ሜትር የሆነ፣ በእያንዳንዱ ጎን 512 ክፍል ያለው ጠፍጣፋ ሜሽ፣ ማለትም በነጥቦችና በሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ገጽ፣ ይሥሩ። ይህ በየ1.2 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ነጥብ ማለት ስለሆነ ለአጭሩ የ20 ሴንቲ ሜትር ሞገድ እንኳ ከ15 በላይ ነጥቦች ይደርሱታል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ነጥብና ለእያንዳንዱ ሞገድ ይህን ያስሉ፦

ምዕራፍ = የሞገድ ቁጥር × (አግድም ቦታ × ኮሳይን አቅጣጫ + በሌላው ወገን ያለ ቦታ × ሳይን አቅጣጫ) − 6.283 × የዙር ብዛት × ሰከንድ ÷ 10 + መነሻ

መነሻው ለእያንዳንዱ ሞገድ አንድ ጊዜ በዕጣ የሚሰጥ ከ0 እስከ 6.283 ያለ ቁጥር ነው። የነጥቡ ቁመት የሁሉም ሞገዶች ከፍታ × ሳይን ምዕራፍ ድምር ይሆናል። የገጹን ዝንባሌ ከጎረቤት ነጥቦች ልዩነት ከመገመት ይልቅ በቀጥታ ከቀመሩ ማውጣቱ ይሻላል፦ በአግድም ያለው ዝንባሌ የከፍታ × የሞገድ ቁጥር × ኮሳይን አቅጣጫ × ኮሳይን ምዕራፍ ድምር ነው፤ በሌላው ወገን ያለው ደግሞ በኮሳይን አቅጣጫ ፈንታ ሳይን አቅጣጫ ይገባበታል። ኖርማሉ፣ ማለትም ከገጹ ቀጥ ብሎ የሚወጣው አቅጣጫ፣ የሁለቱ ዝንባሌዎች ተቃራኒና 1 ተደርድረው ርዝመታቸው ወደ 1 ሲመለስ የሚገኘው ነው። በግምት የወጣ ኖርማል በወለሉ ላይ የተሰበረ መስመር ያመጣል፤ ኮስቲክ የኖርማልን ትንሽ ጉድለት አጉልቶ ያሳያልና።

4. የፀሐይን አቅጣጫ መምረጥ

ፀሐይዋን በግምት ከማስቀመጥ ቦታንና ወቅትን መወሰን ይገባል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ ቀኑ አጭር በሚሆንበት በታኅሣሥ አጋማሽ እንኳ የቀትር ፀሐይ ከአናት የምትርቀው 32 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ብርሃኑም ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲሰበር ከቁልቁሉ 24 ዲግሪ ገደማ ያጋድላል። በዚያው ቀን በዋሽንግተን ዲሲ የቀትር ፀሐይ ከአናት 62 ዲግሪ ያህል ትርቃለች፣ በውኃ ውስጥ ያለው ማጋደልም ወደ 42 ዲግሪ ይጠጋል። በመጀመሪያው መረቡ የወለሉን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። በሁለተኛው ግን ከብርሃኑ ሲሶ ያህሉ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ የመረቡ ዓይኖችም ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ይለጠጣሉ።

5. በሼደር መንገድ፦ ብርሃኑን ወደ ወለሉ ማውረድ

ዘዴው የውኃውን ሜሽ ራሱን ወደ ወለሉ መወርወር ነው። ኢቫን ዋላስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው የዌብጂኤል ውኃ ይህን አሠራር በብራውዘር ውስጥ ለብዙዎች አሳይቷል። ለእያንዳንዱ የሜሹ ነጥብ የፀሐይን ጨረር አቅጣጫ፣ የነጥቡን ኖርማልና 0.75 የሚለውን ቁጥር ወስደው የሼደር ቋንቋው ራሱ ላለው የስብረት ፈንክሽን ይስጡት። 0.75 ማለት 1 ለ1.333 ሲካፈል የሚገኘው ነው። የተሰበረው ጨረር ወለሉን የሚነካው የገንዳው ጥልቀትና የነጥቡ ቁመት ተደምረው፣ ለጨረሩ የቁልቁል ክፍል ተካፍለው በሚገኘው ርቀት ላይ ነው። ነጥቡን እዚያ አስቀምጠው ሜሹን በአንድ የ1024 በ1024 ፒክስል ቴክስቸር (ወለሉ ላይ የሚለጠፍ ምስል) ላይ ይሳሉት፤ የቴክስቸሩ ወርድ የወለሉን 6 ሜትር ይወክላል።

የብርሃኑ መጠን የሚገኘው ስፋቶችን በማወዳደር ነው። ሦስት ማዕዘኑ በውኃው ገጽ ላይ ሳለ የነበረው ስፋት ወለሉ ላይ ከደረሰ በኋላ ላለው ስፋት ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ብሩህነቱ ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ ሲጨመቅ ይደምቃል፣ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ስፋቱን በሁለቱ ጎኖች ቬክተሮች መስቀለኛ ብዜት ያስሉት። የጎኖቹን ርዝመት ብቻ ማባዛት ሦስት ማዕዘኑ ሲንጋደድ ስፋቱን አግንኖ ስለሚያሳይ በጣም ብሩህ መሆን የሚገባቸውን መስመሮች ያደበዝዛል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች በጥንቃቄ መስተካከል አለባቸው። አንደኛ፣ ሜሹ ወለሉ ላይ ሲደርስ ስለሚታጠፍ አንድ ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ንብርብር ብርሃን ያርፋል፤ ስለዚህ አሳሳሉ እየደመረ እንዲሄድ ያድርጉ፣ የጥልቀት ፍተሻውንና ወደ ኋላ የዞሩ ሦስት ማዕዘኖችን መደበቁንም ያጥፉ። ይህ ከተዘነጋ የመረቡ ባሕርይ የሆኑት ድርብ መስመሮች አይወጡም። ሁለተኛ፣ ብሩህነቱ ከ1 በላይ ብዙ ስለሚሄድ ተራው የ8 ቢት ቴክስቸር ይቆርጠዋል፤ ከ1 በላይ ያሉ ቁጥሮችን የሚይዘውን የ16 ቢት ፍሎት ይጠቀሙ። ሦስተኛ፣ ስፋቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ብሩህነቱ ወሰን ስለሚያጣ 20 አካባቢ ላይ ይገድቡት።

ከዚያ በኋላ ቴክስቸሩን በጥቂቱ ማደብዘዝ ያስፈልጋል፤ መጠኑንም ተፈጥሮ ትነግረናለች። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን 0.53 ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ክብ ናት፤ በ2 ሜትር ውኃ ውስጥ ይህ ስፋት በወለሉ ላይ 1.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብዥታ ይሆናል። የቴክስቸራችን አንድ ፒክስል 0.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ፒክስል ተኩል ያህል ማደብዘዝ ይበቃል። ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ፦ በዚህ ጥልቀት ላይ ቴክስቸሩን ወደ 4096 ማሳደግ ኮምፒውተሩን ከማድከም በቀር የሚጨምረው ዝርዝር የለም።

ወደሚቀጥለው ከመሄድዎ በፊት ሁለት ፈተናዎችን ያድርጉ። በመጀመሪያ የሞገዶቹን ከፍታ ሁሉ ዜሮ አድርገው፣ ፀሐይዋን ከአናት ላይ አድርገው ይመልከቱ፤ ቴክስቸሩ በሙሉ 1 መሆን አለበት። ቀጥሎ ሞገዶቹን መልሰው የቴክስቸሩን አማካይ ያውጡ፤ አሁንም ወደ 1 የተጠጋ መሆን አለበት፤ ከጠርዝ ወጥቶ የሚጠፋው ብርሃን ጥቂት ነውና። ሞገድ ብርሃንን ያዛውራል እንጂ አይፈጥርም። አማካዩ 1.5 ወይም 0.6 ከወጣ ስሌቱ ውስጥ ስሕተት አለ፤ በሼደሩ መጨረሻ ላይ ማባዣ ቁጥር ጨምሮ መሸፈን ችግሩን ወደ ሌላ ቦታ ከማሸጋገር አያልፍም።

6. ወለሉን ማቅለምና ውኃውን ማሳየት

የኮስቲኩ ቴክስቸር የሚባዛው በቀጥታ በሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ላይ ብቻ ነው። ከሰማዩ የሚመጣው ለስላሳ ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሆነ መረብ አይሠራም፤ ለብቻው ይደመራል። ሁለቱን አንድ ላይ ማባዛት በመስመሮቹ መካከል ያለውን ወለል ጥቁር አድርጎ ገንዳውን ሌሊት ያስመስለዋል። ሰው ከውኃው ሥር ሲቆም የሚጥለው ጥላም እንዲሁ መረቡን ብቻ ያጠፋል እንጂ የሰማዩን ብርሃን አያጠፋም።

ቀለሙን በሰማያዊ ቅብ ሳይሆን በመምጠጥ ይሥሩት። ንጹሕ ውኃ በእያንዳንዱ ሜትር ቀዩን ብርሃን 0.34፣ አረንጓዴውን 0.057፣ ሰማያዊውን ደግሞ 0.009 በሆነ የመምጠጥ መጠን ይቀንሰዋል፤ የሚተርፈው ብርሃን የመምጠጡ መጠንና የመንገዱ ርዝመት ተባዝተው፣ ኔጌቲቭ ሆነው በኤክስፖኔንሻል ፈንክሽን ሲገቡ የሚገኘው ነው። ብርሃኑ 2 ሜትር ወርዶ 2 ሜትር ስለሚመለስ በ4 ሜትር መንገድ ከቀዩ 26 በመቶ፣ ከአረንጓዴው 80 በመቶ፣ ከሰማያዊው 96 በመቶ ያህል ይተርፋል። ነጭ ሴራሚክ የተነጠፈበት ገንዳ ሰማያዊ ቅብ ሳይኖረው ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው። ውኃው በተፈጥሮው ደፍራሽ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ቡናማውን የላንጋኖን ሐይቅ የሚሠሩ ከሆነ፣ ጨረሩ ከመሰብሰቡ በፊት ስለሚበተን ኮስቲክ ጨርሶ አያስገቡ።

ከላይ ለሚያይ ካሜራ የእይታው ጨረርም በዚያው ኖርማል ተሰብሮ ወለሉን መንካት አለበት፤ የሴራሚኩ መስመሮች ከሞገዱ ጋር የሚታጠፉት በዚህ ነው። ከገጹ የሚንጸባረቀው የብርሃን ድርሻ በቀጥታ ወደ ታች ሲታይ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ከቁልቁሉ በ60 ዲግሪ ወደ 6 በመቶ፣ በ80 ዲግሪ ወደ 35 በመቶ ያድጋል። ይህን ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1994 ክሪስቶፍ ሽሊክ ያቀረበው ቀመር ይበቃል፦ ከ1 ላይ የማዕዘኑ ኮሳይን ተቀንሶ፣ የተገኘው ወደ አምስተኛ ኃይል ከፍ ብሎ፣ በ0.98 ተባዝቶ 0.02 ይደመርበታል። ካሜራው ከውኃ ሥር ከሆነ ደግሞ ከ48.6 ዲግሪ በላይ ያጋደለ ጨረር ወደ አየር አይወጣም፣ ሁሉም ይንጸባረቃል። በዚህ ጊዜ የስብረት ፈንክሽኑ ዜሮ ስለሚመልስ ይህን የሚይዝ ትእዛዝ አስቀድመው ይጻፉ፤ ካልሆነ ጥቁር ጉድጓዶች ይታያሉ።

የቀስተ ደመና ቀለም በመስመሮቹ ጠርዝ ላይ መጨመርን በተመለከተ፣ እኔ በልክ እንዲሆን እመክራለሁ። የውኃ የስብረት መጠን ለቀይ 1.331፣ ለሰማያዊ 1.339 ገደማ ነው። ፀሐይ ከአናት 30 ዲግሪ ስትርቅ ይህ ልዩነት በ2 ሜትር ጥልቀት ላይ ቀዩንና ሰማያዊውን የሚለያያቸው በግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከፀሐይዋ ብዥታ ስለሚያንስ ተውጦ ይቀራል። 60 ዲግሪ ስትርቅ ግን ልዩነቱ ወደ 1.8 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ ቀለሙ በእርግጥ ይታያል። በቀትር ገንዳ ላይ ደማቅ ቀስተ ደመና ማስገባት ሥራውን ወዲያው ያጋልጣል፤ ለጠዋትና ለማታ ትዕይንት ግን ስሌቱን ሦስት ጊዜ፣ ለየቀለሙ በየራሱ ቁጥር ማካሄድ የሚክስ ድካም ነው።

7. በብሌንደር ሳይክልስ መንገድ

ሳይክልስ ከካሜራው ተነሥቶ ጨረሮችን ወደ ኋላ እየተከተለ ይሠራል። ካሜራው ወለሉን በውኃው ውስጥ ያያል፤ ከወለሉ የተነሣው ጨረር እንደገና በሞገደኛው ገጽ ተሰብሮ ፀሐይዋን በአጋጣሚ ማግኘት አለበት። ፀሐይ ከሰማዩ ንፍቀ ክበብ የምትይዘው ከ90 ሺህ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ፣ በዕድል ብቻ የሚሠራ ሬንደር ነጫጭ ነጠብጣብ የተረጨበት ወለል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የወጣው ብሌንደር 3.2 ይህን ለማቃለል ሻዶው ኮስቲክስ የሚባል አማራጭ አመጣ። ሬንደሩ ፀሐይን በጭፍን ከመፈለግ ይልቅ በገጹ ላይ ጨረሩ ማለፍ ያለበትን ነጥብ በስሌት ያገኘዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መለኪያውን በሜትር አድርገው ገንዳውን በትክክለኛ መጠኑ ይሥሩ። ውኃውን የተዘጋ አካል አድርገው ጎኖቹና ሥሩ በገንዳው ግድግዳና ወለል ውስጥ በጥቂቱ እንዲቀበሩ ያድርጉ፤ በውኃውና በግድግዳው መካከል የቀረ ቀጭን የአየር ክፍተት ብርሃኑን ተጨማሪ ጊዜ ሰብሮ ጥቁር ጠርዝ ያመጣል። የላይኛውን ገጽ በ512 ክፍል ከፋፍለው፣ በጂኦሜትሪ ኖድስ ውስጥ ሲን ታይም ከሚባለው ኖድ ሰከንዱን ወስደው፣ የደረጃ 3ን ቀመር በማዝ ኖዶች ገንብተው ሴት ፖዚሽን ለሚባለው ኖድ ይስጡት። ሞገዱን በበምፕ (ገጹን ሳያንቀሳቅስ ጉብታ በሚያስመስል ዘዴ) ብቻ አያስመስሉ፤ ገጹ በእውነት መንቀሳቀስ አለበት። ገጹን ያለ ማዕዘን ለስላሳ አድርጎ የሚያሳየውን ሼድ ስሙዝንም ያብሩ።

ለውኃው ግላስ የሚባለውን ሼደር ይስጡት፣ ራፍነሱን (ሻካራነቱን) 0፣ አይኦአሩን (የስብረት መጠኑን) 1.333 ያድርጉ። በቮልዩም መግቢያው ላይ ቮልዩም አብዞርፕሽን ያገናኙ፤ ዴንሲቲውን 0.34፣ ቀለሙን ቀይ 0፣ አረንጓዴ 0.83፣ ሰማያዊ 0.97 ቢያደርጉ ከላይ የተሰጠውን የንጹሕ ውኃ መምጠጥ ያገኛሉ። ከዚያ በኦብጀክት ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሼዲንግ በሚለው ሥር ውኃውን ኮስቲክ ጣይ፣ ወለሉንና ግድግዳውን ኮስቲክ ተቀባይ ያድርጉ። በፀሐይ መብራቱም ላይ ሻዶው ኮስቲክስን ያብሩ፣ አንግሉን 0.53 ገደማ ላይ ይተዉት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ምንም ነገር አይታይም፤ ሰዎች አማራጩ አይሠራም ብለው የሚተዉትም አብዛኛውን ጊዜ የመብራቱን ሲረሱ ነው። አማራጩ የሚሠራው ተሰብሮ ለሚያልፍ ብርሃን እንጂ ለሚንጸባረቅ አይደለም።

ኖይዝን (ነጠብጣቡን) ለመቀነስ ክላምፕን (የብሩህነት ገደቡን) ዝቅ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም እዚህ ላይ መረቡን ራሱን ሊቆርጠው ስለሚችል ይጠንቀቁ። ነጠብጣብ የሚያጠፋው ዲኖይዘርም በትንሽ ሳምፕል (ለአንድ ፒክስል በሚላኩ ጨረሮች ብዛት) ላይ ሲሠራ ቀጫጭኖቹን መስመሮች በየፍሬሙ በተለያየ መልክ ስለሚጠርጋቸው እንቅስቃሴው ይርገበገባል። መጀመሪያ አንድ ፍሬም በከፍተኛ ሳምፕል ሠርተው እንደ መለኪያ ያስቀምጡ፣ ከዚያ መስመሮቹ ሳይጠፉ የሚወርዱበትን ዝቅተኛ ቁጥር ይፈልጉ።

ኮምፒውተርዎ ይህን የማይችል ከሆነ ሁለቱን መንገዶች ማጣመር ይቻላል። በደረጃ 5 የተሠራውን ቴክስቸር 240 ፍሬም በኤግዝአር ፋይል አስቀምጠው፣ በብሌንደር ውስጥ በፀሐይ አቅጣጫ ወለሉ ላይ ያሳርፉት። ሞገዱ ከአንድ ቀመር ስለሆነ መናበቡ አይጠፋም። በ1024 መጠን፣ በአንድ የቀለም ቻናልና በ16 ቢት አንድ ፍሬም 2 ሜጋ ባይት፣ ሁሉም ደግሞ ሳይጨመቅ 480 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ በ512 መጠን ይህ ወደ 120 ይወርዳል።

8. ደረጃ፣ ግድግዳና ጣሪያ

የ2 ሜትሩ ቴክስቸር በገንዳው መውረጃ ደረጃዎች ላይ እንዲሁ ሊለጠፍ አይችልም፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሞገዶቹ ብርሃኑን ገና አልሰበሰቡትምና እዚያ የሚታየው ለስላሳና ሰፊ ጥለት ነው። ደረጃ 5ን በ0.4፣ በ1 እና በ2 ሜትር ጥልቀት ለየብቻ አካሂደው በመካከል ያለውን በማቀላቀል ይሙሉ። ግድግዳው ላይም የነጥቡ ጥልቀት እየጨመረ ሲሄድ ከአንዱ ቴክስቸር ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ መረቡ ከላይ ለስላሳ ሆኖ ወደ ታች እየጠራ የሚሄደው በዚህ ነው።

ገንዳው ቤት ውስጥ ከሆነ ጣሪያው ላይ የሚወዛወዘው ብርሃን የሚመጣው ከነጸብራቅ ነው። በደረጃ 5 ላይ የስብረት ፈንክሽኑን በነጸብራቅ ፈንክሽን ተክተው ሜሹን ወደ ጣሪያው ይወርውሩት፣ ብሩህነቱንም በሽሊክ ቀመር ያባዙ። እዚህ የሚሰበስበው የሞገዱ ጫፍ ሳይሆን ጎድጓዳው ነው፤ የመሰብሰቢያ ርቀቱም በስብረት ከሚገኘው ስምንት እጥፍ ያጥራል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ጥርት ያለ መረብ የሰጡት ስድስቱ ሞገዶች 3 ሜትር ከፍ ባለ ጣሪያ ላይ ተደራርቦ የደበዘዘ፣ በፍጥነት የሚሽከረከር ጥለት ይሰጣሉ። ጣሪያው ላይም ጥርት ያለ መስመር እንዲታይ ከተፈለገ ከፍታዎቹን ሁሉ በአንድ ልክ ወደ አንድ አሥራ ሁለተኛ ገደማ አውርደው፣ ውኃው ዋናተኛ የሌለበትና የረጋ ሆኖ እንዲታይ ያድርጉ። ያን ጊዜ የወለሉ መረብ ይለሰልሳል፤ በእውነተኛ ገንዳ ላይም ሁለቱ በአንድ ጊዜ ጥርት ብለው አይታዩም።